አያቴ በመቶ ሁለት ዓመታቸው «ዕድሜዎ አልደረሰም» ስለመባላቸው

ለተከበሩ የቤት ለቤት ሕክምና ቢሮ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ኮምፒውተርዎም እንዳይከዳዎ ምኞቴ ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ አያቴ ግን የእግራቸው ቁስል አልድን ብሎ አልጋ ላይ ከዋሉ ሰንብተዋል። ቁስሉን ቤት መጥታ የምታጥብላቸው ነርስ ያስፈልጋቸዋል።

አንደኛ፣ ቢሮዎ ሰባና ከዚያ በላይ ዓመት ለሆነው ሰው ሁሉ ነርስ እንደሚልክ በድረ ገጹ ስላበሰረን ምስጋናዬ ይድረስዎ። የአያቴን ዕድሜ 102 ብዬ ብሞላ፣ «ዕድሜዎ አልደረሰም» የሚል መልስ በቀይ መጣልኝ። አያቴ በዚህ ዕድሜ ልጅ የሚላቸው በማግኘታቸው ስቀዋል፤ እኔ ግን ተናድጃለሁ።

ሁለተኛ፣ ሙያዬ ፕሮግራም መጻፍ ስለሆነ ነገሩ አልጠፋኝም። ቅጹ ላይ የሚሞላ ሁሉ፣ ቁጥር ቢመስልም፣ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ዘንድ የሚደርሰው ጽሑፍ ሆኖ ነው። ጽሑፍን ከቁጥር አበላልጥ ሲሉት ደግሞ እምቢ ብሎ ስህተት ያሳያል። የእርስዎ ባለሙያ፣ እንደምገምተው፣ ዕድሜውን ወደ ቁጥር በመለወጥ ፈንታ ሰባውንም ጽሑፍ አድርጎ ስህተቱን ዝም አሰኘው። ጽሑፍ ከጽሑፍ ሲነጻጸር ልክ እንደ መዝገበ ቃላት መጀመሪያ የሚታየው ከፊት ያለው ነው፤ አንድ ከሰባት ስለሚቀድም 102 ከ70 አነሰ ማለት ነው። መድኃኒቱ አንዲት ቃል መጨመር ነው። ይህንኑ ጽፌ ልኬልዎ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብዬ ብጠብቅ፣ እንቁላሉ እስካሁን እንደተኛ ነው።

ሦስተኛ፣ ስልክ ብደውል ጸሐፊዎ እጅግ በትሕትና 99 ብዬ እንድሞላና ነገሩን እንዳላካብድ መከሩኝ። ምክሩን ለአያቴ ባደርስላቸው ከትራሳቸው ቀና ብለው፣ «የኖርኩትን ዕድሜ ለማሽን ብዬ አልቀንስም፤ እሱ ቁጥር ይማር» አሉ። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። አንዲት ዓመት አንቀንስም።

ለቤተሰባችን ስላበረከቱት ወጣትነት እጅ እየነሳሁ፣ ትዕግሥቴን ጨርሼ አክብሮቴን ግን እንደያዝኩ፣

ዕድሜያቸው ያልደረሰው አዛውንት የልጅ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በዚሁ ድረ ገጽዎ፣ ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ቤት ድረስ የምትመጣ ነርስም አለች። ትናንት አያቴን በሙሉ መቶ ሁለት ዓመታቸው እዚያ ባስመዘግብ አንድ ከአምስትም ይቀድማልና ቅጹ ያለ አንዳች ጥያቄ ተቀበላቸው፤ ነርሷ ማክሰኞ ትመጣለች። እርስዎም ገና በአርባዎቹ ውስጥ ስለሆኑ በቅጽዎ ሕግ ሕፃን ነዎትና፣ ክትባትዎ እንዳያልፍዎ።