ሰው ወዶ የሚያሻግተው አይብ

የዓይኔ ብርሃን፣ በገባሽበት ሁሉ አምላክ ቀድሞሽ ይግባ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቴን አመመኝ ይላል፤ ካርታ ጨዋታ ሲጠሩት ግን ይሮጣል።

ከፈረንጅ አገር የላክሽውን የአይብ ፎቶ አየሁት። ሰማያዊ ሻጋታ! «ልጄ ርካሽ ነው ብላ የተበላሸ ትበላለች» ብዬ አለቀስኩ። ሆቴል ቤት የሚያበስለው አጎትሽ ሲሰማ በሳቅ ፈነዳ።

«እትዬ፣ እሱኮ አውቀው አሻግተውት ነው! ምድር ቤት አስቀምጠው ወራት ሙሉ እያገላበጡ ያሳድጉታል።»

እኔ ዳቦ ሲሻግትብኝ ስጥል ነው የኖርኩት። ሻጋታን እንደ ልጅ የሚያሳድግ ሰው! የፈጣሪ ጥበብ መች ያልቃል?

አጎትሽ እንደሚለው፣ ተፈቅፍቆ የታሸገውን ተዪው፤ ዋጋው ለላስቲኩ ነው። ትልቁ ክብ አይብ ሲቆረጥ ጠርዝ ጠርዙ ይተርፋል። ያው አይብ ነው፣ በርካሽ ይሸጡታል፤ ሳትገዢም ያቀምሱሻል። ግን መጠየቅ አለብሽ። አንቺ ደግሞ ይሉኝታሽ! ሰው ቤት ርቦሽ «በልቻለሁ» የምትይ ልጅ ነሽ። እዚያ ደግሞ ብዪ ብሎ የሚለምንሽ የለም።

እጅሽ የነካውን ሁሉ ይባርክልሽ። ሻጩ ፊት ስትቆሚ እኔ አጠገብሽ እንዳለሁ ቁጠሪው፦ በሞቴ፣ ቅመሺ።

እናትሽ