የሂና ነጥብ

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ
ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

እኅቴ፣

ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገር ልጽፍልሽ ነው። ከወንድምሽ ጋር ሠላሳ ዓመት አንድ ትራስ ስንንተራስ ለእሱ እንኳ አልነገርሁትም። ከጅዳ ያስመጣሁሽ እኔ ነኝ እያልሁ እኖር ነበር። እናትሽ እማማ አይደሉም፤ እኔ።

ሰላምታ ግን ይቀድማል። አሰላሙ ዐለይኩም። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? የሱንዱስ አባትስ ሳሉ ለቀቀው? የወረታ ሩዝ ዘንድሮ ደህና ነው ሲሉ ሰምቼ ደስ አለኝ። እኔ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነኝ። ዓይኔ ብቻ ደክሟል፤ ከሁለት ገጽ በላይ ሳነብ ፊደሉ እንደ ጉንዳን መሄድ ይጀምራል። ሐይቁ ሞልቶ የደቅ ደሴት ጀልባዎች እስከ ሾላው ሥር ድረስ ይጠጋሉ።

በስልክ ልነግርሽ ብዬ ሦስት ጊዜ ደወልሁ። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ሩዝ አውርተን ዘጋን። በስልክ ሲነገር ቤተሰቡ ሁሉ ይሰማል፤ ወረቀት ግን ባለቤቱ ብቻውን እስኪሆን ድረስ ይጠብቃል።

ማንበብ ከማን ተማርሽ ብለሽ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ። በሣቅ አለፍሁት። የተማርሁት ከቴፕ ነው። ቴፕ ሊያሠራ የመጣ አንድ የወንድምሽ ደንበኛ የፊደል መጽሐፍ ከነካሴቱ ረስቶ ሄዶ ነበር። አንድ መምህር እያነበቡ ተማሪው በጣቱ እንዲከተል የተቀዳ ነው። ችግሩ መምህሩ ይሮጣሉ። ጣቴ «ለ» ላይ ሳለ እሳቸው «መ»ን አልፈዋል። አንድ ቀን ወንድምሽ የቤታችንን ቴፕ ሆድ ከፍቶ፣ በሞተሩ ጀርባ ባለች ቀዳዳ ቀጭን ካቻቢቴ አስገብቶ፣ ውስጥ ያለችውን ብሎን ትንሽ ሲያዞራት የዘፋኙ ድምፅ ሲጎተት አየሁ። ፍጥነቱን የምትገዛው እሷ ናት። በማግስቱ እሱ ሱቅ ሲሄድ እኔም አዞርኋት። የመምህሩ ድምፅ የበሬ ድምፅ ሆነ፤ ግን ጠበቁኝ። በዕድሜዬ እስክደርስበት የጠበቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

መመለሻው እንዳይጠፋኝ ለዒድ ከተበጠበጠው ሂና በክብሪት እንጨት ጫፍ ነክሬ፣ ሞተሩ ላይ በተለጠፈችው ወረቀት የብሎኗ ጥርስ ያመለክትበት የነበረው ቦታ ላይ ነጥብ አደረግሁ። ሳጠና አዞራታለሁ፤ ስጨርስ ወደ ነጥቡ እመልሳታለሁ። የደበቅሁት ወንድምሽ ክፉ ስለነበረ አይደለም። የቴፕ ሆድ ሰው ሲነካበት አይወድም ነበር። ደግሞ ያገባች ሴት በሃያ አምስት ዓመቷ ፊደል ስትቆጥር መታየቱ አሳፈረኝ።

በ1990 ጅዳ ሆነሽ የቀዳሽው ያ ካሴትሽ መጣ። ከጅዳ የመጣ ነጋዴ አደረሰው። እማማ ቴፑ ፊት ተቀምጠው፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ሰማን። ገና «እማዬ» ስትዪ ደነገጥሁ። ድምፅሽ ከባድ ነው። ከቃል ቃል ያለው መንገድ ረጅም ነው። ወዲያው ከትናንት ጥናቴ በኋላ ብሎኗን መመለሴን ለማስታወስ ብሞክር አቃተኝ። ደህና ነኝ ትያለሽ። ሳዲቅ የሚባል ያገራችን ልጅ ጠይቆኛል፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ፍቀዱልኝ ትያለሽ። ሴቶቹ እልል ሊሉ እማማን ያያሉ። እማማ ግን ጆሯቸውን ወደ ቴፑ አስጠግተው፣ «ልጄ ብቻዋን አይደለችም፤ ከኋላዋ የሚያጉረመርም ሰው አለ» አሉ። እኔ በልቤ፣ የሚያጉረመርመው ሞተሩ ነው አልሁ። አንዷ ጎረቤት፣ «እትዬ፣ ቴፑ አርጅቶ ይሆናል እኮ፣ እንደ እኛ ወገቡን አሞት ይሆናል» ብላ አሳቀች። እማማ አልሣቁም። «ቴፑን ተዪው፤ ልጄን አውቃታለሁ» ብለው ካሴቱን አውጥተው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት።

ያን ጊዜ አፌን ብከፍት ይበቃ ነበር። እማማ ቆዩ፣ ብሎኗን እኔ አዙሬያት ነው፣ ላስተካክላትና እንደገና እንስማ ማለት። አንዲት ቃል አልተነፈስሁም። በማግስቱ እማማ ለነጋዴው፣ «እናትሽ ሞት አፋፍ ላይ ናት፣ በሕይወቷ ድረሽላት በላት» ብለው ላኩብሽ። ፈጣሪ ይቅር ይበላቸው፣ በዚያ ጧት ሁለት እንጀራ በልተው ነበር የላኩት። በአርባኛው ቀን መጣሽ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቂዋለሽ። እማማ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወስደውሽ ሰባት ቀን ቆያችሁ። ስትመለሱ ሁለታችሁም የጅዳን ነገር አላነሣችሁም። የሳዲቅ ስም በተነሣ ቁጥር አንድ ነገር ሊያርርብሽ ይመስል ወደ ጓዳ ትሄጃለሽ። እኔ ደግሞ የጠፋባት ትዳር እያንገበገባት ነው፣ ያጠፋሁባትም እኔ ነኝ እላለሁ። ፊደል ያስተማርሁሽ ለዚህ ነው። ደግነት መስሎሽ ሰው ፊት ሁሉ ስታመሰግኚኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። የብሎኗን ነገር ግን ደፍሬ አላየሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቴፑን ሆድ አልከፈትሁም።

ወንድምሽ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ባለፈው ወር ዕቃ ሳስተካክል የእማማን ሳጥን ከፈትሁ። ካሴቱ በመሐረብ ተጠቅልሎ ከታች ተቀምጧል። ቴፑም ቆጥ ላይ አለ። ሳልሰማው ከሞትሁ መልሱን ሳላውቅ መሄዴ ነው ብዬ ቴፑን አወረድሁት። ስከፍተው ሞተሩንና ተሽከርካሪውን የሚያገናኘው የጎማ ቀበቶ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ጣቴ ላይ ተጣበቀ።

ቀበቶ ፍለጋ መልካሙ ዘንድ ሄድሁ። ከወንድምሽ ሱቅ ፊት ለፊት ሬዲዮ ይጠግን የነበረውን ታውቂዋለሽ፤ አሁን የስልክ ሽፋን ይሸጣል፣ የድሮውን ዕቃ ግን አልጣለም። አንድ ጣሳ ቀበቶ አፍስሶ እየለካ፣ «ሴትዮ፣ ልትጨፍሪ ነው እንዴ በዚህ ዕድሜሽ?» አለኝ። አይ፣ ድምፅ ልሰማ ነው አልሁት። ሲሰጠኝ ምን አለ መሰለሽ? «ብሎኗን አደራ። አሁን ብታዞሪያት የሚመልስልሽ የለም።»

ምን ማለትህ ነው አልሁት።

ሣቀ። «ባልሽ ሰላሁዲን አልነገረሽም? የኔ ሚስት ተማሪ ሆናለች ይለኝ ነበር። ቀን ብሎኗን ትፈታና መመለሱን ትረሳዋለች፤ እኔ ማታ ስገባ እሷ ጓዳ ሳለች ሂናው ላይ እመልሳታለሁ ይላል። ለምን አትነግራትም ስለው፣ ብነግራት ታፍርና ትተወዋለች አለ። ካቻቢቴውንም እንድታገኚው ብሎ ነው ከሱቅ ወደ ቤት ያመጣው።»

እኅቴ፣ እንዴት እቤቴ እንደደረስሁ አላውቅም። የረሳሁት ያን አንድ ቀን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሁልጊዜ ነበር የምረሳው። ለካ ካሴትሽ ከመምጣቱ በፊት በነበረውም ማታ ወንድምሽ እቤቱ ገብቷል፤ ብሎኗንም መልሷታል ማለት ነው።

ቢሆንም የሰው ወሬ ነው፤ በጆሮዬ ማረጋገጥ ፈለግሁ። ወንድምሽ ለሠራተኞቹ ሁሌ የሚለው ነገር ነበር፤ ቴፕ ፍጥነቱ ሲበላሽ መጀመሪያ ቀበቶውን እዩ፣ ቀጥሎ ጎማዋን፣ ቀጥሎ ዘይቱን፣ ብሎኗን መጨረሻ ንኩ ይላል። ሰው ግን የሚቀናው ብሎኗን መንካት ነው፣ ቅርብ ናትና። እኔ በተራው ሄድሁ። ሬንጁን በአልኮል ጠርጌ አዲሱን ቀበቶ አጠለቅሁ። የብሎኗን ጥርስ በባትሪ ብርሃን አየሁት። ሂናው ደርቆ ቡኒ ሆኗል፤ ጥርሷ ልክ እሱ ላይ ናት።

የአንቺን ካሴት ለሙከራ ላደርገው አልደፈርሁም። የመምህሩን አስገባሁ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። የካሴቱን ክር በብረቱ ዘንግ ላይ ተጭና የምትስበው ትንሿ ጎማ በቆሻሻ አብለጭልጫ ኖሮ ክሩ ይንሸራተትባታል። በአልኮል እስክትደበዝዝ አሸኋት። መምህሩ ተረጋጉ። «ለ» ሲሉ ጣቴ ራሷ ተነሣች፣ ትስቂያለሽ።

ከዚያ ያንቺን አስገባሁ። እንዴት ልክ መሆኑን እንዳወቅሁ ልንገርሽ። ከድምፅሽ ኋላ የግድግዳ ሰዓት አለ። ቀጭ ቀጭ ይላል። ያን ቀን ጎረቤት ሲንሾካሾክ ማንም አልሰማውም ነበር። ስልኬን ይዤ የአንድ ደቂቃውን ቆጠርሁ፣ ኀምሳ ስድስት። ካቻቢቴው እጄ ላይ ነበር፤ ብሎኗን ላዞራት ምንም አልቀረኝ። መጨረሻ ንኩ ያለው ትዝ አለኝና ዘንጉ ሥር የጠጠረውን የድሮ ዘይት ፍቄ፣ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጨመርሁ። እንደገና ቆጠርሁ። ስድሳ። ደግሜ ቆጠርሁ፣ ስድሳ።

ድምፅሽ ግን ያው ነው። ያን ቀን የሰማሁት ነው። እንደዚያው ከባድ፣ እንደዚያው የሚዘገይ። ይበልጥ ልመን ብዬ ብሎኗን መምህሩ ይጠብቁኝ ወደነበረበት አዞርኋት። ሰዓቱ አርባ ሆነ፣ አንቺም ጢም ያወጣሽ ሽማግሌ ሆንሽ። ያን ቀን እንዲህ ብንሰማሽ ኖሮ ሰፈሩ በሣቅ ያልቅ ነበር እንጂ እማማ አይደነግጡም። ወደ ነጥቡ መለስኋት።

ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። አታዝኚ፣ የዕረፍት ለቅሶ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት የተሸከምሁትን ዕቃ አውርጄ ሳየው የእኔ አልነበረም። ወጥቼ ሐይቁ ዳር ሄጄ ፊቴን ታጠብሁ። አንዱ ዓሣ አስጋሪ፣ «እናቴ፣ ዛሬ ወጣት ሆነዋል» አለኝ። ላላፊ አግዳሚው ሁሉ እንዲህ እያለ ነው የሚሸጠው። አንድ ቀረሶ ዓሣ ገዛሁት።

ስመለስ ካሴቱ ገና ቴፑ ውስጥ ነበር። አሁን በራሴ ፍርሃት ሳልታወር ሰማሁት። «ጥሩ ሰው ነው» ከማለትሽ በፊት ዝም ትያለሽ። ሰዓቱ አራት ጊዜ ቀጭ ይላል። በአራቱ መካከል ቀስ ብሎ የሚናገር ወንድ አለ። ከዚያ አንቺ እሱ ያለውን ትያለሽ። «ደህና ነኝ» ከማለትሽ በፊትም እንዲሁ። «ፍቀዱልኝ» ከማለትሽ በፊትም። እማማ ይህን ሁሉ በዚያ ጫጫታ መሀል፣ አንዴ ብቻ ሰምተው ነው ያወቁት። እኔ ሞተር እሰማ ነበር፤ እሳቸው ልጃቸውን።

ወንዛዬ ለምን እንደሄዳችሁ አልጠይቅሽም። ስሙ ሲነሣ ወደ ጓዳ ለምን እንደምትሄጂም አልጠይቅም። ያላለቀስሽውን ለቅሶ እኔ ተርጉሜ የትዳር ናፍቆት ያልሁትን ግን ይቅር በዪኝ። ጥፋቴ እሱ ነው፣ ብሎኗ አይደለችም። ባጠገብሽ ተቀምጬ ፊደል ሳስቆጥርሽ በራሴ ኀጢአት ተይዤ ፊትሽን ሳላይ ኖርሁ።

ካሴቱን አሁን ከእኔ በቀር ማንም አልሰማውም፣ ልጅሽ ሱንዱስም አታውቀውም። በእማማ መሐረብ እንደገና ጠቅልዬ ሳጥኑ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ቁልፉን እዚህ ወረቀት መሀል ታገኚዋለሽ፤ ሌላ ቁልፍ የለም። ልትሰሚው ከፈለግሽ ነዪ፣ ቴፑ ተስተካክሏል፣ እኔ ሐይቁ ዳር ወጥቼ እቀመጣለሁ። ልታቃጥዪው ከፈለግሽም ነዪ፣ ክብሪቱን እኔ አቀርባለሁ። እንዲሁ ልንቀመጥ ከፈለግሽም ነዪ።

አላህ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ዕድሜሽን ከልጆችሽ ጋር ያርዝምልሽ፣ እማማንና ወንድምሽን በጀነት ያገናኛቸው። እነዚያ ሁለቱ ሳይነግሩን ስንቱን መልሰውልናል።

የወንድምሽ ሚስት

የሚያደርሰው ፈሀድ ነው፣ የወረታው ሚኒባስ ሹፌር። ማንበብ ስለሚወድ ፖስታውን በመርፌ ሰፍቼዋለሁ፤ ስፌቱ ተፈትቶ ካገኘሽው ንገሪኝ፣ ጆሮውን እኔ አለሁለት። በላዩም እንዲህ ብዬ ጽፌበታለሁ፦ ወረታ፣ እናቷ ለሰሟት ልጅ ይድረስ።