«ቤቶች!» የሚባልበት ግቢ፦ የወይዘሮ መብራት ገብረ ኪዳን የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ መብራት ገብረ ኪዳን ከአባታቸው ከአቶ ገብረ ኪዳን ሐጎስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጌጤ አያሌው በጥቅምት ወር 1946 ዓ.ም. በዋጃ ተወለዱ። አባታቸው ከማይጨው በኩል ወርደው በእህል ንግድ የተሰማሩ፣ እናታቸው የላስታ ሰው ነበሩ። ወይዘሮ መብራት ከአባታቸው ትግርኛውን፣ ከእናታቸው ቁጣውን ወረሱ እየተባለ በቤተሰቡ ይቀለዳል። እሳቸው ይህን አይቀበሉም ነበር፤ ያውም ተቆጥተው።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በዋጃ፣ ቀጣዩን በቆቦ ተከታትለው በደሴ በጤና ረዳትነት ሠለጠኑ። ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ በሮቢት፣ በጎብዬና በቆቦ አገልግለው በ2006 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናበቱ። በ1969 ዓ.ም. ከጭነት መኪና ሹፌሩ ከአቶ ተሾመ በሪሁን ጋር በጋብቻ ተጣምረው ጌዲዮንን፣ ሚልካንና ሰላማዊትን አፍርተዋል። አቶ ተሾመ መንገድ ላይ ስለሚከርሙ ልጆቹን ያሳደጉት አብዛኛውን ጊዜ ብቻቸውን ነው። አቶ ተሾመ በ1999 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ይህ ሳይነገራቸው ያለፈ በዓል የለም።

አሁንስ ያርፋሉ ሲባል፣ በ2007 ዓ.ም. አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር በቆቦ ዳርቻ ያቋቋመውን የአረጋውያን መጦሪያ በኃላፊነት ተረከቡ። የያዙትም እንደ ጤና ጣቢያ ነበር። አልጋው ቁጥር አለው፤ ምግብ በየሰሃኑ ይታደላል፤ ጠያቂ የሚገባው እሁድ ከሰዓት ብቻ ነው፣ እሱም ዘበኛው ከፈቀደ። ለንጽሕናው እንከን አይወጣለትም። አረጋውያኑም ታጥበው፣ በልተው፣ ዝም ብለው ይውሉ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ከነዋሪዎቹ የአንዱ፣ የአቶ ኑሀ ሴት ልጅ አረፈች የሚል ስልክ ከአላማጣ ተደወለ። በአገራችን መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ መሆኑን ወይዘሮ መብራት አያጡትም። ነገር ግን በሥራ ልማድ፣ ምሳ ላይ ሰሃናቸውን እንደያዙ ነገሯቸው። አቶ ኑሀ ሰሃኑን አስቀመጡ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከግቢው ወጡና አስፋልቱ ዳር መሬት ላይ ተቀመጡ። ይግቡ ቢባሉ፣ «ልጄን የማለቅሳት ቤቴ ሆኜ ነው። እዚህ ማን ለቅሶ ይደርሰኛል? እሁድ እስኪሆን ልጠብቅ?» አሉ። ወይዘሮ መብራት እስኪመሽ ድረስ አብረዋቸው መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ይህን ነገር ባነሱት ቁጥር እንባቸው ይቀድማቸው ነበር።

በማግስቱ ወደ ሰፈሩ ቅሬ፣ ማለትም ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በቀብርና በለቅሶ ወደሚረዳዳበት ማኅበር ሄደው አረጋውያኑ አባል እንዲሆኑ ጠየቁ። የቅሬው ሰብሳቢ አቶ ገዛኸኝ እምቢ አሉ። ቅሬ የሚይዘው ባለ ቤት ነው፤ «ሰው በሩ ላይ ቆሞ ‹ቤቶች!› የማይልበት ግቢ ደግሞ ቤት አይባልም» የሚል ነበር መልሳቸው። ወይዘሮ መብራት በሩን አላግተው ወጡ። ቁጣቸው ሲበርድ ግን ሰውዬው እውነታቸውን እንደሆነ ገባቸው፤ ይቅር ለማለት ነው ጊዜ የፈጀባቸው።

ከዚያ ወዲያ የመጦሪያው በር ከማለዳ እስከ ምሽት ክፍት ሆነ። የአልጋ ቁጥሮቹ ተፋቁ። ክፍሎቹ ከውስጥ የሚዘጉበት መቀርቀሪያ ተበጀላቸው፤ ሳያንኳኳ የሚገባ ቀረ፣ እሳቸውም ጭምር። የየብቻው ሰሃን ቀርቶ በትሪ አብሮ መብላት ተጀመረ፤ እንግዳ የመጣበትም ሰው ከወጥ ቤት ጠይቆ የሚያቀርበው አያጣም። ከነዋሪዎቹ አንዷ እማማ ሀሊሜ ዶሮ ላርባ ሲሉ ወይዘሮ መብራት ብዙ ተከራክረው ተሸነፉ፤ ዶሮዎቹ ቢሮአቸው ድረስ ይገቡባቸው ነበር። የበጎ አድራጎት ማኅበሩ ሥርዓት ፈረሰ ብሎ ተቆጣጣሪ ሲልክ፣ «አንተስ ስታረጅ እሁድ እሁድ ብቻ ልትጠየቅ ነው?» አሉት። አምኖበት ይሁን ፈርቷቸው አይታወቅም፣ በመጣበት ተመለሰ።

በ2009 ዓ.ም. መስከረም ላይ አቶ ገዛኸኝ ራሳቸው መጥተው በሩ ላይ «ቤቶች!» አሉ። «ቤት ለእንግዳ!» ብለው ያስገቧቸው አቶ ኑሀ ናቸው። በዚያው ሳምንት አረጋውያኑ በሙሉ ቅሬ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ግቢ ወገን እንደሌለው ሰው የተቀበረ የለም፤ መርዶም በምሳ ሰዓት ተነግሮ አያውቅም።

ወይዘሮ መብራት ባደረባቸው የልብ ሕመም በደሴና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። በማግስቱ ማለዳ ልጆቻቸው የቅሬውን ሰዎች ይዘው ሄደው ለአረጋውያኑ በወጉ አረዷቸው። ልጆቹ ሽማግሌዎቹ እንዳይጉላሉ ብለው ድንኳኑን በወላጆቻቸው ቤት ሊያስተክሉ አስበው ነበር። እማማ ሀሊሜ፣ «ልጅ ሞታብን የሰው ቤት ሄደን ልንቀመጥ ነው?» ስላሉ ድንኳኑ የተተከለው እዚያው መጦሪያው ግቢ ነው። ከቀብር መልስ ለቅሶ የምትደርሱ ወዳጆች በዚያ ታገኙናላችሁ፤ በሩ ክፍት ነው።

ወይዘሮ መብራት የሦስት ልጆች እናትና የአምስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። በዚህ ጽሑፍ ላይ «ወላጆቻቸው ቀድመዋቸው አርፈዋል» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ትናንት ሲነበብላቸው አቶ ኑሀ ይህ ይታረም ብለዋል። በእሳቸው ቃል መሠረት ታርሟል፦ ወይዘሮ መብራት አባታቸውን አቶ ኑሀን፣ እናታቸውን እማማ ሀሊሜንና በዚያ ቤት ያሉ ወላጆቻቸውን ሁሉ በሐዘን ላይ ትተው አልፈዋል።

ቸሩ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማረፊያ ያኑርልን። አባታቸውም በበኩላቸው፣ «አላህ ይዘንላት፣ ልጄን» ብለዋል።