ልጄን ያሳደራት ቻርጀር

ውድ ፍሬኑ፤

ሰላምታዬን ከነኩራቴ ተቀበል። ኩራቱ ከየት መጣ ብትል፣ አሸንፌያለሁ! ቁጭ ብለህ አንብብ። የእኔን ፊደል ታውቀዋለህ፤ አንዱ ቆሞ አንዱ ተኝቶ ነው። ልጄ "አባዬ፣ እኔ ልጻፍልህ" ብትለኝ እምቢ አልኩ። ፉከራ በሌላ ሰው እጅ ሲጻፍ አያምርም።

ቤትህን ሸጠህ ልጅህ ጋ ከገባህ ወዲህ ሰፈሩ ጭር ብሏል። ዕቃህ ሲጫን "በል መልካም መንገድ" ብዬህ ወደ ቤት ገባሁ። ከዚያ በላይ ብናገር ድምፄ እንደሚከዳኝ አውቄ ነው። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ አጥር ላይ ተደግፎ የሚሰድበኝ ሰው አንተ ብቻ ነበርክ። ቤትህን የገዙት ሰዎች በጣም ጨዋ ናቸው። "እንደምን አደሩ" ይሉኛል፣ ያልፋሉ። በጨዋነታቸው ሊገድሉኝ ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። ልጄ፣ ነርሷ፣ በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና ገዝታለች። ነዳጅ የለ፣ ጭስ የለ፣ ድምፅ የለ። መጀመሪያ ቀን በሬ ላይ ስትቆም እንኳ አልሰማሁም። ዕድሜ ልካችንን አውቶቡስ የነዳን፣ ሞተር መታመሙን ከሩቅ በድምፁ የምንለይ ሰዎች፣ እስቲ ይታይህ! መኪናዋ ጥሩ ናት። ችግሩ የእሷና የባሏ ቤት ሩቅ ነው። እዚህ ስትደርስ ባትሪዋ ለመመለሻ አይበቃትም፤ ከተማ መሃል ያለው መሙያ ሄዳ ወረፋ መያዝ አለባት። ስለዚህ ምሳዋን እንደ በላች ትነሳለች።

አንድ ቀን በኩሽና መስኮት ገመድ አሳልፈን እነሱ ከውጭ መኪናዋ ላይ፣ እኔ ከውስጥ የግድግዳው ሶኬት ላይ ሰካን። ምሳ ሳንጨርስ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ሶኬቱ እጅ አላስነካ አለ፤ ጠርዙም ጠቁሯል። አማቼ፣ የልጄ ባል፣ ነቀለውና "አባባ፣ ቤቱ ይነድብዎታል፤ ሁለተኛ አይሞከርም" አለ። እውነቱን ነው።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ሾርባዋን እየጠጣች ስልኳ ላይ የባትሪውን ቁጥር ነው የምታየው።

"ልጄ፣ እኔን እይኝ እንጂ።"

"እያየሁህ ነው አባዬ" ትላለች፣ ቁጥሩን እያየች።

አልጋዋን በየሳምንቱ አነጥፋለሁ። ማንም ያልተኛበትን አንሶላ መልሼ አጥባለሁ። መኪናዋን ከገዛች ወዲህ አንድ ሌሊት እንኳ እዚህ አላደረችም።

አማቼ ክፉ ሰው አይደለም፤ መፍትሔ ማብዛት ነው በሽታው። "አባባ፣ ይሄ ቤት ምን ያደርግልዎታል? ይሽጡትና እኛ ጋ ይምጡ። ክፍል አለን" አለኝ።

"አንተስ ሸጠህ ለምን እኔ ጋ አትመጣም? እኔም ክፍል አለኝ!"

ልጄ ሳቀች፤ ከዚያ ዝም አለች። ያስፈራኝ ዝምታዋ ነው። የአንተም ልጅ ነገሩን የጀመረው በዝምታ እንደነበር ነግረኸኛል።

ስለዚህ ወሰንኩ። ቻርጀር ቤቴ ይገባል፣ ልጄም ቤቴ ታድራለች።

ዕቃ መሸጫው ሄድኩ። ሻጯ የልጅ ልጄ የምትሆን ልጅ ናት። ግድግዳው ላይ ሦስት ዓይነት ተሰቅሏል። አንዱ ነጭ፣ ቀጭን፣ ፊቱ መስታወት፤ በስልክ ነው የሚታዘዘው። ሌላው ጥቁር ነው፤ ማብሪያ ማጥፊያው በቁልፍ፣ ምንም ጌጥ የለውም። ሦስተኛው ትልቅ፣ ሆዱ የወጣ፣ አንተን የሚመስል።

"ጉልበተኛው የቱ ነው?" አልኳት።

"ትልቁ ነው አባባ። ግን ሦስት የኤሌክትሪክ መስመር ይፈልጋል። የእርስዎ ቤት ስንት መስመር ነው?"

ምን አውቄ! "ሦስት" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ልጄ፣ ቤቱን የሠራሁት በእጄ ነው።"

ይሄን አልዋሸሁም። ኤሌክትሪኩን ያስገባሁት እኔ እንዳልሆንኩ ግን አንተ ታውቃለህ። ትልቁን ገዝቼ ቤት አደረስኩት።

በማግስቱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው መጣ። የቆጣሪውን ሳጥን ከፈተ፣ አየ፣ ዘጋ። እንደገና ከፈተ።

"ጋሼ፣ ያ ሦስት መስመር ያሉት የት አለ?"

"አይታይህም?"

"እኔ የሚታየኝ አንድ ነው።"

"ደህና አድርገህ እይ!"

"ጋሼ፣ ትኩር ብዬ ባየው እኮ አይወልድም!"

ከዚያ የመኪናዋን ዓይነት ጠይቆኝ ስልኩ ላይ ፈለገ። ትልቁን ብሰቅለውም መኪናዋ የምትቀበለው የትንንሾቹን ያህል ብቻ እንደሆነ አስረዳኝ። "ለአንድ ተሳፋሪ አውቶቡስ ማስነሳት ነው" አለኝ። እንዲህ ሲለኝ ገባኝ።

ያን ዕቃ ተሸክሞ መመለስ ግን! ወደ ኋላ መሄድ እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ። ጠባቡ ድልድይ ላይ ያ የጭነት መኪና ፊት ለፊት የመጣብኝ ቀን ትዝ ይልሃል? እሱ እስኪመለስ ሞተር አጥፍቼ ጋዜጣ የማነብ መስዬ ተቀመጥኩ። አንተ ከኋላዬ ካለው አውቶቡስ ወርደህ "ገልብጠህ ነው የያዝከው!" ብለህ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቅህብኝ።

የአሁኑ ግን ለልጄ ነውና ተመለስኩ። ሻጯ ከነዕቃዬ ስታየኝ ከንፈሯን ነከሰች እንጂ አልሳቀችም፤ እግዜር ይስጣት። እዚያው ቆሜ ለአማቼ ደወልኩ።

"ነጩን ይውሰዱ አባባ። በስልክ ይታዘዛል፣ ሰዓት ይሞላለታል፣ ስንት እንደ ጠጣም ይናገራል።"

"የኔ ስልክ ከመጮህ ሌላ ምንም አይችልም።"

"በእኛ ስልክ እናዘዋለና።"

"እናንተ ከሌላችሁስ?"

"እኛ ከሌለን መኪናዋስ የት አለች አባባ?"

እዚህ ላይ ያዘኝ። ወደ ሻጯ ዞርኩና "የነጩ ገመድ የታለ?" አልኳት።

"የነጩ ገመድ ለብቻው ነው። ከመኪናው ዕቃ ማስቀመጫ አውጥተው ይሰኩታል፣ ሲጨርሱ ጠቅልለው ይመልሱታል።"

"የጥቁሩስ?"

"የጥቁሩ አብሮት ነው። ከግድግዳው አንስቶ መሰካት ብቻ ነው።"

አለቀ። ልጄ አንዳንዴ የምትመጣው ሌሊቱን በሽተኛ ስታገላብጥ አድራ፣ እግሯን እየጎተተች ነው። እሷ ዝናብ ላይ ቆማ ገመድ ስትፈታ እኔ በመስኮት አላይም።

"ጥቁሩን ስጪኝ" አልኳት።

"አባባ፣ ትንሽ ያስቡበት እንጂ" ይላል አማቼ ስልኩ ውስጥ።

"አስቤ ጨርሻለሁ!" ዘጋሁበት።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከቆጣሪው ለብቻው ወፍራም ሽቦ ዘረጋ። ሲጨርስ "የመኪናዋ መሙያ በየት በኩል ነው?" አለኝ።

"ከኋላ ነዋ።"

"አይተውታል?"

"ስንት ዘመን ነዳጅ ስቀዳ ኖሬ የመኪና አፍ ልታስተምረኝ ነው?"

"ደውለው ቢጠይቋትስ?"

"አልደውልም።"

"እንግዲህ እርስዎ ካሉ" አለና ከግቢው መጨረሻ ግድግዳ ላይ ሰቀለው።

ቅዳሜ ባልና ሚስቱ መጡ። ቻርጀሩን በጨርቅ ሸፍኜ እየጠበቅኩ ነው። ልጄ እንደ ልማዷ መኪናዋን ወደ ኋላ አስገብታ አፍንጫዋን ወደ መንገዱ አድርጋ አቆመች። ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ የጋራዣችን ሕግ ነው። አውቶቡስ ሁሉ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ያድራል፣ ጠዋት ቀጥ ብሎ እንዲወጣ። አንዱ ተሳስቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ ካቆመ አለቃችን "ምነው፣ ነገ ሥራ የለህም እንዴ?" እያለ የሚጮኸውን አትረሳውም።

ጨርቁን ገፈፍኩት። ልጄ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ ገመዱን ይዤ እየተንጎራደድኩ ወደ መኪናዋ ጀርባ ሄድኩ። በቀኝ ፈለግኩ። በግራ ፈለግኩ። ጎንበስ ብዬም ፈለግኩ።

"አባዬ" አለች ልጄ ቀስ ብላ፣ "መሙያዋ እኮ ከፊት ነው። ከመብራቱ አጠገብ።"

ገመዱን ጎተትኩ። የፊት ጎማው ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። አንድ ክንድ ቀረው። ብስበውም ያው አንድ ክንድ ነው።

አማቼ ሰማይ ሰማዩን አየ። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር፤ ከሳቅ የባሰ ነገር ተናገረ። "ችግር የለም አባባ። ዛሬ ምሳ በልተን እንመለሳለን። ሌላ ጊዜ ይስተካከላል።"

ልጄ ቁልፏን እጇ ላይ ማገላበጥ ጀመረች። ፍሬኑ፣ ያቺ "ሌላ ጊዜ" የምትባል ነገር ስንት ቤት እንዳሸጠች አንተ ታውቃለህ።

"መኪናዋን አዙሪያት" አልኩ።

"ምን?"

"ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርገሽ አስገቢያት።"

"አባዬ! አፍንጫ ወደ መንገድ እያልክ መንዳት ስታስተምረኝ ስንቴ አስለቅሰኸኛል!"

"እሱ ለሥራ ለሚወጣ ነው። ነገ ሥራ አለሽ?"

"የለኝም።"

"ታዲያ ምን ያጣድፍሻል? ቤትሽ እኮ ነው የመጣሽው።"

አየችኝ። ቁጥር ሳይሆን እኔን አየችኝ። ገባች፣ ወጣች፣ ዞረች፣ የመኪናዋን ግንባር ከግድግዳው አስጠግታ አቆመች። ገመዱ ደረሰ፤ ደርሶም ተርፎ መሬት ላይ ተጥመለመለ። ሰካሁት። ቀጭ አለ። አረንጓዴ መብራት ቦግ አለ!

ጮህኩ፣ አልዋሽህም። ጨዋዎቹ ጎረቤቶች ደንግጠው በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። "ምን ሆኑ አባባ?"

"ልጄ ልታድር ነው!" አልኳቸው።

ከጎረቤቶቹ ሰውየው ገብቶ ቻርጀሩን አየው፤ ለራሱም ሊገዛ እያሰበ ኖሯል። ምክር ሰጠሁት። መጀመሪያ መስመርህን ቁጠር አልኩት።

አደሩ። አማቼ ሳህን አጠበ፤ አንዱን ሰበረ። እኔ ስብርባሪውን ጠረግኩለት፤ ያሸነፈ ሰው በሳህን አይጣላም። ጠዋት ሻይ አፍልቼ የልጄን በር አንኳኳሁ። አልሰማችም። ሁለተኛ አላንኳኳሁም። ፀሐይ ግቢውን እስኪሞላው ተኛችልኝ።

አማቼ ውጭ ሆኖ የሞላችውን መኪና ይዞራታል። ግድግዳውን አየ፣ ከላይ ሰማዩን አየ። የቤት ሽያጩን ሊጀምር ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

"አባባ፣ እዚህ ላይ ቆርቆሮ ብናለብሰው ምን ይመስልዎታል? ስትሰካ ዝናብ እንዳይመታት።"

ሰማህ ፍሬኑ? ሊሸጥ ባሰበው ቤት ላይ ቆርቆሮ የሚመታ ሰው አይተህ ታውቃለህ?

"አስብበታለሁ" አልኩት። ለአማች ቶሎ እሺ አይባልም።

ልጄም ፀጉሯ እንደቆመ ወጣች። "አባዬ፣ ሚስማር ምታልኝ፤ የሥራ ልብሴን እሰቅላለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት እዚህ አድሬ ነው ሥራ የምገባው።" ሻዬን ሳልጨርስ መታሁላት። አውራ ጣቴንም አብሬ መትቻለሁ፤ አሁን ስጽፍልህ እንኳ ያመኛል፣ ደስ እያለኝ።

በል እንግዲህ። ልጄ እዚህ ስትመጣ የምታልፈው በአንተ ከተማ ነው። ነግሬያታለሁ፣ ቅዳሜ ታነሳሃለች። ልጅህን አታስፈቅደው፤ ንገረው። በትንሿ ክፍል አልጋ ዘርግቼልሃለሁ። ደርሶ መልስ የሚባል ነገር ግን አላውቅልህም፤ ማደር ነው፣ ሲሆን ሲሆን መሰንበት። የሚሰድበኝ ሰው ጠፍቶ ራሴን በራሴ መስደብ ጀምሬያለሁ፣ እንደ አንተ ግን አልሆነልኝም።

ናፍቀኸኛል። ይቺን መስመር ለማንም እንዳታሳይ።

የማይሸጠው ቤት ባለቤት፣
አንተ ራስህ "ማርሽ" ያልከኝ ጓደኛህ