የወደቀችው «ተ»

ሰኞ፣ ጥር 6
እንደ ወትሮው ፍርድ ስተይብ ዋልኩ። አሥራ አንድ ፋይል። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ከጣቱ በቀር የሚያንቀሳቅሰው የለውም... ለዚህ ይሆን የወፈርኩት?

ትናንት ምሳ ላይ የባሌ እህት «ወንበሩን ቀስ በይበት፣ አደራ» አለችኝ። ሁሉም ሳቀ። ባሌም። የሷስ ልማዷ ነው፤ እሱን ምን ያስቀዋል? ሆድ ይፍጀው።

84 ኪሎ። ከነገ ጀምሮ አሥር ቀን፣ ውሃ ብቻ።

ሐሙስ፣ ጥር 9
81። ራሴ ሊፈነዳ ነው። አፌ ለራሴ ይሸተኛል። ባሌ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እንቁላሉን ጠራርጎ በላና «አሞሻል እንዴ?» አለኝ። ጠልቼህ ነው... አላልኩትም።

ምክሩ አጠገቤ የምትተይበዋ ባልደረባዬ ነው። ለራሴ «መርፌ» እላታለሁ። «ሦስተኛው ቀን ካለፈ ረሃቡ ይጠፋል» ትለኛለች። እሷን ብሎ መካሪ።

ቅዳሜ፣ ጥር 11
ረሃቡ እውነትም ጠፋ። የቀረው ንዴቱ ነው። ስነሳ ዓይኔ ይጨልማል፣ ጣቶቼ ይበርዳሉ። አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ አነበዋለሁ።

ሰኞ፣ ጥር 13
79። በመጨረሻ ሰው አየልኝ። ጠዋት የተየብኩትን ፍርድ ሬጅስትራሩ መለሰልኝ፤ ጠርዙ ላይ በቀይ «ከሳሽ?» ብሎበታል። ያ ደህና አደርሽ እንኳ የማያውቅ ሰውዬ። መጸዳጃ ቤት ሄጄ መስታወት አየሁ። አዎ፣ ከሳሁ። ወረቀቱን መሳቢያዬ ውስጥ ደበቅኩት። የዚያኑ ፍርድ የቀሩ ቅጂዎች ለማኅተም ሰጠሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 15
78። ምነው ምላሴን በቆረጠው። ሬጅስትራሩ ጠርቶ «ለጥያቄዬ መልስ የለሽም?» ሲለኝ፣ ፈገግ ብዬ «ስድስት ኪሎ» አልኩት።

ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ አወጣ። ከዚያ መስመሩን በጣቱ አሳየኝ። «ተከሳሽ ቤቱን ለቀው ይውጡ» መሆን ሲገባው «ከሳሽ» ብያለሁ። «ተ» የለችም። ከሳሿ ተከራይ አልወጣ ያላቸው አሮጊት ናቸው። ተከራዩ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ይዞ ሄዶ፣ ትናንት ከገዛ ቤታቸው አስወጣቸው።

መርፌ፣ «እኔማ አይቼው ነበር፤ የምታውቂው መስሎኝ» አለች። እባብ።

ስወጣ ደረጃው ላይ ወደቅኩ። ክሊኒክ ወሰዱኝ። ነርሷ ደግሞ ቁጣዋ፦ «ከሳሁ ብለሽ ነው? የሄደው ውሃሽና ጡንቻሽ ነው።»

ሐሙስ፣ ጥር 16
የታረመውን ፍርድ ፊደል በፊደል አመሳክሬ ጨረስኩ። አሮጊቷ ሊወስዱ መጡ።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ከማክሰኞ ጀምሮ እህል ባፌ አልዞረም።»

እኔም አሥረኛ ቀኔ ነው ልላቸው ነበር... አፈርኩ። ሮጬ ዳቦ ገዝቼ መጣሁ፤ በሁለት እጄ ዘረጋሁላቸው።

«ካንቺ እጅ?» አሉ። ወረቀቱን አጥፈው ሄዱ።

የባሌ እህት ደውላ «ቀነስሽ አሉ» አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁባት። ከሰኞ ጀምሮ መዝገብ ቤት ተመድቤያለሁ።

ዳቦውን በሩ ላይ ቆሜ ብቻዬን በላሁት።