የላቦራቶሪው ጎማ

ሰኞ፣ የካቲት 2። ከቀኑ 11 ሰዓት
ሃምሳ ስድስት የፈተና ወረቀት አርሜ ጨረስኩ። ፍሪክሽን (ሰበቃ) ምንድን ነው? አንዱ «በባልና በሚስት መካከል የሚፈጠር ነገር» ብሏል። ግማሽ ማርክ ሰጠሁት።

አልፈርድባቸውም። በእጃቸው ነክተው ያዩት ነገር የለም። የት/ቤታችን ላቦራቶሪ በጋሽ ሞላ ማሽላ ጢም ብሏል። እህል ነጋዴ ናቸው፣ የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢም ናቸው። «ለሁለት ሳምንት» ብለው ያስገቡት ጆንያ ሁለት ዓመት ሆነው። ዳይሬክተሩን የጋሽ ሞላ ስም ሲነሳ ያስላቸዋል።

ዛሬ ራሴ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ከፒካፓቸው ሳይወርዱ ሰሙኝ። ስለ ጆንያው ትንፍሽ ሳይሉ ስለ መኪናዬ ጀመሩ። ትናንት መናኸሪያ በር ላይ ጎማዬ እዚያው ሲሽከረከር፣ ጭስ ሲወጣ፣ ፍየሎች ሲበታተኑ አይተዋል።

«ቲቸር፣ ያቺ መኪናሽ መጮህ እንጂ መሄድ አታውቅም።»

«እርስዎን ግን ትቀድማለች።» እንዴት ከአፌ እንደወጣ እንጃ።

«እንግዲያው ቅዳሜ እንያታ። ከቀደመች ጆንያዬን አወጣለሁ። ካልቀደመች መኪናዋ የእኔ ናት።»

እሺ አልኩ። ደብተሬ፣ እሺ አልኩ እኮ!

ማክሰኞ 3
ቁጭት። ስለ መኪናዋ ነግሬህ አላውቅም። የወንድሜ የደረጀ ነበረች። አዲስ አበባ መካኒክ ነው። ከላይ ስትታይ ያረጀች ነጭ የቤት መኪና። ከውስጥ የሌላ ትልቅ መኪና ሞተር፣ ከነተርቦው። ሲያገባ ሚስቱ ወይ እኔ ወይ እሷ አለችው። ለኔ ላካት።

ደወልኩለት። ስለ ውርርዱ ስነግረው የሚስቱን ድምፅ ሰምቶ መሰለኝ በሹክሹክታ፦ ጉልበት ሞልቷታል፣ የጎደላት መሬት መቆንጠጫ ነው፤ የኋላ ጎማ ቀይሪ።

የቱን? ስልኩ ተቋረጠ።

ረቡዕ 4
ጎሚስታው አሊዩ ጋ። ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አሳየኝ። የተመረተበት ሳምንትና ዓመት ናቸው አለ። የኔዎቹ እኔ መምህር ከመሆኔ በፊት የተሠሩ ናቸው። በጥፍሩ ጫን አለው፣ ምልክት እንኳ አልያዘም። ድንጋይ ሆኗል።

አሊዩ እንዳስረዳኝ፦ ለስላሳና ሰፊ ጎማ መሬቱን እንደ ሙጫ ይይዛል። ግን የቆቦ ፀሐይ በጥቂት ወር ትጨርሰዋለች፣ የግራር እሾህ ይወደዋል፣ ዝናብ ከመጣ ደግሞ መኪናዋ ፊቷን ወዳላሰበችው ታዞራለች። ጠንካራው ዕድሜ አለው፣ ግን እንዳሁኑ እዚያው ያሽከረክረኛል።

በዚህ መሀል ሰው ተሰበሰበ። የአውቶቡስ ሹፌር፦ የጭነት ጎማ ግጠሚ። የባዮሎጂው መምህር፦ ሽጫት። አከራዬ እትዬ ዘውዴ፦ ጠበል እርጫት። ሁሉም እርግጠኛ፣ ሁሉም መኪና የሌለው (ከሹፌሩ በቀር። የሱም የሰው ነው)።

ዓርብ 6
እንቅልፍ የለም። አንድ ቀን ብትሽቀዳደምም በየቀኑ የምነዳት መኪና ናት። አንዳንድ እሑድ ሮቢት ከተማ ለማጠናከሪያ ትምህርት በኮረኮንች እሄዳለሁ። ለአንድ ቅዳሜ ብዬ ሌላውን ቀን ሁሉ ገደል ልግባ?

አሊዩን ሁለቱን ጎማ አስታርቅልኝ አልኩት። መሀለኛው አለ፤ ለስለስ ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ ጥርሱ ግን ውኃ የሚያስወጣ። ለኋላ ብቻ። ኢንሻ አላህ ወልድያ ይገኛል።

ነገ እንዴት ይደርሳል? ጋ.ሞ.ን (ጋሽ ሞላን ነው) ሳምንት እንዲጨምሩልኝ ለመንኩ። ሳቁ። ጨመሩ። እንዲህ መሳቃቸው አበሸቀኝ።

እሑድ 8
ወልድያ። ሻጩ እንደ ጫማ የተወለወለ ጎማ አቀረበ። ቁጥሩን አነበብኩ፤ የዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ። ሻጩ ተገረመ፣ ሴት ይህን ታነባለች ወይ አለ። ፊዚክስ ነው የማስተምረው አልኩት። ከጓዳ ሌላ አወጣ። የዘንድሮ። ጥፍሬን ጫን ሳደርገው ምልክት ያዘ። ደስታ።

መመለሻ በሚኒባስ። ሁለቱ ጎማዎች ከኋላ ወንበር፣ በኔና ዶሮ በያዙ እናት መካከል። ጎብዬ ላይ ረዳቱ ጎማውን መታ መታ አድርጎ ወራጅ አለ ወይ ብሎ ጠየቀው።

ረቡዕ 11
ገጠምን። ጎማው ሰፋ፤ የላዩን ክዳን፣ ፓራፋንጎውን፣ ይልጠዋል። አሊዩ በመዶሻ አሰፋልኝ፣ ቢስሚላህ እያለ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሙከራ፣ ድልድዩ ስላላለቀ ገና ባልተከፈተው አዲስ አስፋልት ላይ። የኋላ ጎማውን ነፋስ እየቀነስኩ ሞከርኩ። 32፦ ተሽከረከረ። 26፦ ትንሽ። 20፦ ያዘ! አንገቴ ወደ ኋላ ሄደ። ብቻዬን ጮህኩ። ከዚያ ወደ ቤት ስሄድ ወደ 32 መለስኩት፣ በ20 ረጅም መንገድ መክነፍ ሞት ነው ብሎ አሊዩ አስምሎኛል።

ቅዳሜ 14። ከጠዋቱ 1 ሰዓት
ውድድሩ ፀሐይ ሳትበረታ ነው። የኋላውን ነፋስ እንደገና 20 አወረድኩት። መኪናዋን ብነጠቅ ለደረጀ ምን እላለሁ? በኋላ እጽፋለሁ።

ያው ቀን። 4 ሰዓት
ቆቦ ውስጥ ቤት የቀረ ያለ አይመስልም፤ ሁሉም አዲሱ አስፋልት ዳር ቆሟል። ጋ.ሞ. ሲመጡ ፒካፑ ከኋላ ቁጭ ብሏል፤ አሥራ ሁለት ጆንያ ማሽላ ጭነዋል! ክብደት ጎማ ያስቆነጥጣል ሲባል ሰምተው ነው። እውነታቸውን ነው፣ ግን ጆንያውን መጎተትም አለ።

አሊዩ ለመነሻ ፎጣ ጣለ። ጋ.ሞ. ቀደሙኝ። እኔ ፍሪሲዮኑን እንደ እንቁላል ቀስ ብዬ ለቀቅሁ። ጎማው ያዘ። ሦስተኛው የመብራት ምሰሶ ላይ ጎን ለጎን፤ ጋ.ሞ. ወደኔ ዞር ብለው አዩኝ፣ ከዚያ አላዩኝም።

በሁለት መኪና ርዝመት። አሸነፍኩ!

ወረዱ። ቁጢጥ አሉና ጎማዬን በመዳፋቸው ነኩ።

«ስንት ነፋሽው?»

«ሃያ።»

«እኔ ለጭነቱ ብዬ ጎማዬን አጠጥሬ ነፍቼ ነው የመጣሁት» አሉ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ተናደው አልነበረም። እንደ ተማሪ ነበሩ።

እሑድ 15
ቃላቸውን ጠበቁ። ከጠዋት ጀምሮ ጋሪ ሲመላለስ ዋለ። ላቦራቶሪው ባዶ፦ አንድ ሚዛን፣ ሦስት ማግኔት፣ ነቀዝ፣ የአይጥ ቤተሰብ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ሁለቴ አወጣሁና አየሁት።

ማምሻውን ዳይሬክተሩ ቤቴ መጡ። አላሳላቸውም። ጋ.ሞ. ያለ ጆንያ በድጋሚ መሽቀዳደም ይፈልጋሉ አሉኝ። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው ወረቀት አወጡ፤ ዝርዝር። የስምንተኛ ክፍል ጣሪያ፣ የውኃ ቧንቧ፣ የሴቶች መጸዳጃ፣ አርባ ወንበር። የውርርዱ መያዣ የትኛው ይሁን፣ ቲቸር?

ጎማው ስንት ውድድር እንደሚችል አስቤ መጸዳጃውን አንደኛ አድርጌ ወረቀቱን መለስኩላቸው።