የአንድ ተሸላሚ ፊልም ዜና ዕረፍት

ፑዌርቶ ኢካኮ፣ ከወንዙ ዳር
ኖቬምበር 14 ቀን 2023

ማድሪድ ተቀምጣ እንኳ ጆሮዬን መቆንጠጥ ላልተወችው እናቴ፣

ወርቃማው መልሕቅ የተባለውን ታላቅ ሽልማት ባሕር ማዶ ያገኘው፣ በገዛ ወንዛችን ላይ የተቀረጸው «ወንዙ አይመልስም» የተባለ ፊልም፣ ባለፈው ቅዳሜ ማታ በቤተ ክርስቲያኑ አደባባይ፣ ወዳጅ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ ከዚህ ዓለም በሞት መለየቱን የምናስታውቀው በጥልቅ ሐዘን ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ አጣጥሯል። የሞተበት ምክንያት መሰልቸት ነው።

እማዬ፣ አትደንግጪ፤ ሰው አልሞተም። አፌ ለምዶብኝ ነው። ሞተር ሳይክሌ ላይ ድምፅ ማጉያ አስሬ የሞተውን ሰው፣ የጠፋውን አሳማ፣ ትኩስ የገባውን ዓሣ ሳውጅ ስለምውል፣ «ደህና ነሽ ወይ» ማለት እንኳ ያለ አዋጅ አይመጣልኝም። ፊደል ከገደፍኩም ስምንተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ቤት ጋር በሰላም የተለያየን መሆናችንን አስታውሺ። በስልክ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር። አባትሽ፣ አባባ፣ ግን «እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይወራም፤ ጻፍላት» አለኝ። ደግሞ ፊልሙ ማድሪድ ሊደርስ ነው፣ አሠሪሽንም ይዘሽ ልታዪው ነው አሉ። ሴትዮዋ ላይ ከመጨከንሽ በፊት ይሄን አንብቢ።

አያቴ ኒኮላሳ ካረፈች ወዲህ አባባ መዝፈን ማቆሙን ታውቂያለሽ። በየሰርጉና በየበዓሉ ቆሞ፣ ስንኝ ከአፉ እየፈጠረ አገር ሲያስጨበጭብ የኖረ ሰው፣ ጥርሱን ነክሶ መረብ ሲጠግን ይውል ጀመር። ከዚያ ያ ዳይሬክተር ከቦጎታ መጣ። ስሙ ሄሮኒሞ ነው፤ እኛ ግን ዶክተር እንለዋለን፤ እዚህ ካልሲ ያደረገ ሁሉ ዶክተር ነው። አባባን አየና ታንኳው ላይ ቆሞ እንዲዘፍንለት ለመነው። አባባም ምን እንደነካው እንጃ፣ እሺ አለ። ኒኮላሳን ወንዙን አሻግሮ ቀብሯት ብቻውን ሲመለስ በልቡ የገጠመውን፣ ለሰው አሰምቶት የማያውቀውን ዘፈነው። ከመንደሩ ግን አንድም ሰው አልሰማም። ዶክተሩ ፀጥታ ያስፈልገኛል ብሎ ሰዉን ከነዶሮው ከወንዙ ዳር አባሮ፣ የእኔን ድምፅ ማጉያማ በሳጥን ቆልፎበት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማንም «ምን ብለህ ነው የዘፈንከው?» ሲለው መልሱ አንድ ነው፤ «በፊልሙ ትሰሙታላችሁ።» እኔ በምግብ ልደልለው ሞክሬ ነበር፤ የተጠበሰ ቦካቺኮ ዓሣ ከነእሾሁ ቆረጣጥሞ «በፊልሙ ትሰማለህ» አለኝ። አንቺም ከእዚያ እየደወልሽ እኔን ትጠይቂያለሽ። እሱን አትጠይቂውም። እናንተ፣ አንቺ ለአያቴ ቀብር ሳትደርሺ ከቀረሽ ወዲህ፣ «ጤና ነህ?» «ጤና ነኝ» ተባብላችሁ ስልኩን ለእኔ ታቀብሉኛላችሁ።

ቅዳሜ ዕለት እንግዲህ ሰዉ ሁሉ ከየቤቱ ወንበሩን ተሸክሞ መጣ። አባባ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ከፊት ተቀመጠ። በእንቁላል የተሞላ የበቆሎ ቂጣ፣ አሬፓ፣ የምትጠብሰው ጎረቤታችን ሴኞራ ኤዲልማ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ቀሚሷን ተኩሳ መጣች፤ እሷም ተቀርጻ ነበራ! ዶክተሩ ያቺን የወርቅ መልሕቅ ገና እንደተወለደ ሕፃን ጭኑ ላይ አስተኝቷታል።

ፊልሙ ተጀመረ። ጉም። አሁንም ጉም።

«አንቺ፣ ጉም ነው ወይስ መጋረጃው ቆሽሾ ነው?» አለ አንዱ ከኋላ።

ሌላው እውነትም ተነስቶ መጋረጃውን በፎጣ ጠረገው። ጉሙ አልለቀቀም። ቀጥሎ አህያ መጣች። ሣር በላች። እኛም ስትበላ አየን። አኘከች። ስታኝክ አየን። እኔ አህያዋን በግል አውቃታለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ጨዋታ ያላት አህያ ናት። ከዚያ በመስኮት በኩል የሆነ ነገር ብቅ ብሎ ጠፋ።

«ክርኔ ናት!» ብላ ጮኸች ኤዲልማ። «ድንግል ማርያም! ለዚች ክርን ነው ፀጉሬን የተሠራሁት?»

ዶክተሩ ዞሮ «እባካችሁ፣ ቁም ነገሩ ዝምታው ነው» አለን።

እማዬ፣ ሰዉ ዝም አለ! ቅዳሴ ላይ ከቄሱ ጋር የሚከራከር ሕዝብ፣ የእግር ኳስ ዳኛን በቴሌቪዥን ውስጥ የሚሳደብ ሕዝብ፣ ዝም አለ። ለካ ሁሉም በየልቡ «ይሄን የሚያህል ሽልማት ያገኘ ነገር እኔን ያልገባኝ ደደብ ስለሆንኩ ነው» እያለ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ እንቅልፉን ጨርሶ ሲነቃ «በጣም ጥልቅ ነው» አለኝ።

በመጨረሻ ታንኳው መጣ። አባባ ቆሟል። ሰዉ ሁሉ ወደ ፊት ሰገገ፤ እናቶች ሕፃናቱን ዝም አሰኙ። እዚያ ትልቁ መጋረጃ ላይ አባባ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ነፋስ ነው።

ነፋስ፣ እማዬ። ሹሹሹ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ የአንገቱ ሥር ይገታተራል፣ ድምፁን ግን አውጥተው ጥለውታል። አባባ ወደ ዶክተሩ ዞሮ ቀስ ብሎ «ዘፈኑስ፣ ልጄ?» አለው።

«ነፋሱ የበለጠ ይናገራል ብዬ ነው፣ ዶን ኤውስቶርሂዮ። ዳኞቹ በጣም የወደዱት ይሄን ቦታ ነው።»

አባባ ባርኔጣውን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ አጠለቀና ሊሄድ ተነሳ። ጀርባውን ባየሽው! ኒኮላሳን የቀበርን ዕለት የነበረው ጀርባ ነው። አሁን ከሄደ ያ ዘፈን አብሮት እንደሚቀበር ገባኝ።

እኔ ምን አደረግኩ? ያሳደግሽውን ታውቂያለሽ። ሞተር ሳይክሌን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ገፍቼ መጋረጃው ሥር አቆምኩና ማጉያውን ከፈትኩ።

«ትኩረት! ትኩረት! የፑዌርቶ ኢካኮ ነዋሪዎች! አንድ ድምፅ ጠፍቶብናል! ዕድሜው ሰማንያ ነው፣ ትንሽ ሻካራ ነው፣ ባለቤቱ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ሊያመልጥ እየሞከረ ነው! ያየ ይያዝልን!»

ኤዲልማ ቀድማ ያዘችው። ከዚያ ፊልሙን ወደሚያሳየው ልጅ ዞራ «መልሰህ ከታንኳው ጀምር!» አለችው።

«አይነካም!» ብሎ ዶክተሩ መጋረጃው ፊት ተገተረ። «ይሄ ሥራ እንዳለ ነው የሚታየው!»

«ቁጭ በል የእኔ ልጅ፣ ሰው አትከልል» አለችው ኤዲልማ። ልጁ ደግሞ የኤዲልማ የእህት ልጅ ነው፤ ማንን እንደሚፈራ ያውቃል፤ መለሰው።

መነጋገሪያውን አባባ አፍ ሥር ደቀንኩ። «አባባ፣ ከንፈርህ እየጠበቀህ ነው» አልኩት። መጋረጃው ላይ ያለው አባባ አፉን ከፈተ፤ እዚህ ያለው አባባም ከፈተ።

ጀልባዬ መለሰኝ አንቺን እዚያ ትቶ፣
መቅዘፊያው ከበደኝ ባዶ ውሃ ገፍቶ፤
ሁለት ሆነን ሄደን ብቻዬን ስመጣ፣
ወንዙ እንኳን አፈረ ድምፅ ካፉ ሳይወጣ።

ከከንፈሩ አንድም ቃል አልተዛነፈም። ከዚያ በኋላማ ምን ልንገርሽ! ወንበር ተወረወረ፣ ባርኔጣ ወደ ሰማይ ተበተነ፣ ሰዉ «ድገመው! መልሰው!» እያለ ልጁን ጣቱ እስኪዝል አስመለሰው። ነፋሱ በመጣ ቁጥር አባባ ይነሳል፣ መንደሩ በሙሉ ጭብጨባውን ይሰጠዋል። አህያዋንም አልተውናት፤ እኔ በማጉያው ንግግር ሰጠኋት፤ የማዘጋጃ ቤቱን የውሃ ቧንቧ ጉዳይ አንስታ መሪር ትችት ሰነዘረች። ጉሙን ኤዲልማ «ጥብሴ ነው የሚጨሰው!» ብላ ለራሷ ወሰደችው። ሦስት ሰዓት ያሰለቸን ፊልም እንዳያልቅ እየጸለይን ጨረስነው።

ዶክተሩ ዓይኑ ቀልቶ ወደ አባባ መጣ። «ዶን ኤውስቶርሂዮ፣ ድምፁን እንደገና ልቅረጽ?»

«ያኔ ሰጥቼህ ነበር፤ ጣልከው» አለ አባባ። ፊቱን አየውና ደግሞ አዘነለት። «ነገ ና። ካልሲህን አውልቀህ ና።»

እሑድ መጣ፤ በባዶ እግሩ። መንደሩም አልተባረረም፤ በቀረጻው ላይ የእኛ ዶሮዎች ሳይቀሩ ይሰማሉ። ወርቃማዋ መልሕቅም በአባባ ታንኳ ገመድ ላይ ታስራ አደረች። ማን እንዳሰራት አልታወቀም። ተመልሳለች፣ አትቆጪ፤ ትንሽ ጭቃ ብቻ ነው የነካት።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ አባባ ይሄን ጻፍላት አላለኝም። ቅዳሜ ማታ ለመጨረሻ ጊዜ ሲዘፍን፣ መጋረጃው ላይ ያለው ከንፈሩ ተዘግቶ ካበቃ በኋላ፣ እዚህ ያለው አባባ አላቆመም። ወንዙን እያየ ሁለት መስመር ጨመረ፦

ልጅሽ አልደረሰች ብዬ አልወቅሳትም፣
ባሕሩ ሰፊ ነው መቅዘፊያ የላትም።

ማጉያው ክፍት ነበር። አገር ሰማው። እኔ አዋጅ ነጋሪ ነኝ፣ የተነገረውን አደርሳለሁ እንጂ አልተረጉምም።

ማድሪድ ያንን ፊልም ስታዪ፣ አህያዋ ላይ መተኛት ይፈቀድልሻል። ታንኳው ሲመጣና ነፋሱ ሲጀምር ግን ተነሺና ስንኙን ጮክ ብለሽ በይው። ቢያስወጡሽ ምንም አይደል፤ ያንቺ ልጅ ከስንት ቦታ ተባርሯል።

የወንዙ እመቤት መንገድሽን ታቅናልሽ፣ ወገብሽን ከሕመም ትሰውርልሽ፣ የአሠሪሽን ምላስ ታሳጥርልሽ። አባባ ሰላም ብሎሻል፤ ማለቴ፣ ደብዳቤውን እየጻፍኩ መሆኑን እያየ ሦስቴ ጉሮሮውን ጠርጓል።

የሚያሳፍርሽና የሚናፍቅሽ ልጅሽ፣
ዬይነር

ማስታወሻ፦ አዋጁ ላይ ትንሽ አጋንኛለሁ መሰለኝ። ነገሩ ሲጠቃለል እኮ ይሄን ያህል አይደለም፤ አንድ ሽማግሌ አፉን ከፈተ፣ ድምፅ ወጣ። በቃ። ለዚህ ብሎ ባሕር የሚያቋርጥ ሰው የለም። ግን በፌብሩዋሪ የአውሮፕላን ትኬት ይረክሳል ሲሉ ሰምቼ፣ አልጋሽን ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ።